ሕጋዊ ነው፣ ግን በካርድ አይገዛም፦ ቪዛና ማስተርካርድ ምን እንደሚሸጥ የሚወስኑት እንዴት ነው?

ጁላይ 2025 አጋማሽ ላይ ስቲም የተባለው ትልቁ የኮምፒውተር ጌም መሸጫ በደንቡ ውስጥ አንድ አንቀጽ ጨመረ። ለጌም ሰሪዎች የሚለው ባጭሩ ይህን ነው፦ ክፍያ የሚያስተላልፉልን ድርጅቶች፣ የካርድ ኔትወርኮችና ባንኮች ያወጡትን ደንብ ሊጥስ የሚችል ነገር አታቅርቡ፤ በተለይ ደግሞ አንዳንድ ለአዋቂ ብቻ የሆኑ ይዘቶችን። «አንዳንድ» የተባሉት የትኞቹ እንደሆኑ አልተዘረዘረም። በዚያው ሰሞን ብዙ ጌሞች ከመደብሩ ጠፉ።

ከሳምንት በኋላ ተራው የኢች ሆነ። ኢች ትንንሽ ጌም ሰሪዎች፣ አንዳንዴም አንድ ሰው ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ የሠራውን የሚሸጥበት የኢንተርኔት ገበያ ነው። ጁላይ 24 ላይ «ለአዋቂ» የሚል ምልክት ያለበትን ሥራ ሁሉ ከፍለጋ ውጤት አወጣው። ሠሪዎቹ ቀድሞ የተነገራቸው ነገር አልነበረም። ማታ ተኝተው ጠዋት ሲነሱ ሥራቸው ቢፈለግ የማይገኝ ሆኗል።

ይህ ሲሆን የወጣ አዲስ ሕግ የለም። የፈረደ ፍርድ ቤትም የለም። የተወሰኑ ሰዎች ለካርድ ኩባንያዎች ደብዳቤ ጻፉ፣ ስልክ ደወሉ፣ የሆነው ሁሉ ከዚያ ቀጥሎ ሆነ። ወሬው በየቦታው ሲናፈስ ግን አንዱ «ቪዛ ወሲብ ከለከለ» ይላል፣ ሌላው «ሳንሱር ነው» ይላል፣ ሌላው «እሰይ» ይላል። በመካከሉ ነገሩ በትክክል እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ጠፋ። እስቲ ከሥሩ እንየው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ከአንዱ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ፣ የምናወራው ስለ ምን ዓይነት ይዘት ነው?

«ሕጋዊ የአዋቂ ይዘት» ሲባል ሁለት ዓይነት ነገር ይይዛል። አንደኛው ዕድሜያቸው የደረሰ ሰዎች ፈቅደው የተቀረጹት ቪዲዮ ወይም ፎቶ ነው። ሁለተኛው ማንም ሰው ያልተቀረጸበት ነው፤ ሥዕል፣ ልብ ወለድ፣ ካርቱን፣ ጌም። በአሜሪካ፣ በአብዛኛው አውሮፓና በጃፓን እነዚህን ለአዋቂ መሸጥ በየአገሩ ገደብ ውስጥ ይፈቀዳል።

ሕፃናት ላይ የሚፈጸም የወሲብ ጥቃት ምስል እዚህ ውስጥ አይገባም። ወንጀል ነው። ካርድ ኩባንያዎቹ እንዲያግዱት የማይፈልግ ተከራካሪ የለም። ሰው ሳይፈቅድ የተቀረጸ ወይም የተለቀቀ ቪዲዮም እንደዚያው ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 640 ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ የሆኑ ምስሎችንና ጽሑፎችን መሸጥና ማሰራጨት ይከለክላል። ስለዚህ «ሕጋዊ የሆነው ለምን አይሸጥም?» የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ሕጋዊ በሆነባቸው አገሮች ነው። ዋሽንግተን ወይም ለንደን የሚኖር ወገናችን በኪሱ የያዘው ካርድ ግን የዚያው ሥርዓት ካርድ ነው። ሥርዓቱ ደግሞ፣ ወረድ ብለን እንደምናየው፣ የሚያቆመው የወሲብ ይዘትን ብቻ አይደለም።

ርዕሱ ለብዙዎቻችን የማይመች እንደሆነ አውቃለሁ። ይዘቱን መውደድም መጥላትም የአንባቢው ድርሻ ነው። እዚህ የሚጠየቀው የመከልከሉ ሥልጣን በማን እጅ እንዳለ ነው።

ካርዴን ስጠቀም ገንዘቡ በእነማን እጅ ያልፋል?

ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ሰው ማታ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ የ10 ዶላር ጌም ገዛ እንበል። የካርዱን ቁጥር አስገባ፣ «ክፈል» የሚለውን ተጫነ፣ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ጠበቀ፣ አለቀ። በዚያች ቅጽበት ጥያቄው በአራት እጆች አልፏል።

የመጀመሪያው ክፍያ አስተላላፊው ነው። ስትራይፕና ፔይፓል እዚህ ይመደባሉ። የካርዱን መረጃ ከመደብሩ ተቀብለው ወደ ባንኮቹ ያደርሳሉ። ሁለተኛው የሻጩ ባንክ ነው። መደብሩ በካርድ መሸጥ የቻለው ይህ ባንክ ስለተቀበለው ነው። ሦስተኛው የካርድ ኔትወርኩ ነው፦ ቪዛ፣ ማስተርካርድ ወይም ሌላ። አራተኛው ለገዢው ካርዱን የሰጠው ባንክ ነው። «ሰውየው ገንዘብ አለው፣ ይለፍ» ወይም «አይለፍ» የሚለው እሱ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሦስተኛው ላይ ነው። ቪዛና ማስተርካርድ ባንክ አይደሉም። ካርዱ ላይ ስማቸው ቢኖርም ገንዘብ አያበድሩም፣ የማናችንንም አካውንት አይዙም። ሥራቸው በባንክና በባንክ መካከል ያለውን መስመር ማንቀሳቀስና የመስመሩን ደንብ ማውጣት ነው። ደንቡን ያልተቀበለ ባንክ መስመሩ ውስጥ አይገባም። ባንኩ ደግሞ ደንቡን ለክፍያ አስተላላፊው ያወርዳል፣ አስተላላፊው ለመደብሩ፣ መደብሩ ለጌም ሰሪው።

የሻጩን ባንክ እንደ ዋስ ብናስበው ነገሩ ይቀላል። ዋስ የሆነ ሰው ተበዳሪው ቢጠፋ ዕዳውን ይከፍላል። የሻጩም ባንክ እንደዚያው ነው። ገዢዎች «ገንዘባችን ይመለስ» ብለው ሻጩ መክፈል ቢያቅተው የሚከፍለው እሱ ነው። ሻጩ ደንብ ቢጥስ ኔትወርኩ የሚቀጣው ባንኩን ነው፤ ባንኩም ዞሮ ሻጩን ይጠይቃል። ዋስ ደግሞ ሰው ይመርጣል። የሚያስፈራ ሰው ከመጣ «ይቅርብኝ» ይላል። እምቢ ለማለቱም ለማንም ምክንያት መስጠት አይጠበቅበትም።

እዚህ ላይ የመስመሩ ብዛት ወሳኝ ነው። ባንኮች በሺዎች ይቆጠራሉ፤ አንዱ እምቢ ቢል ሌላ አለ። በምዕራቡ ዓለም ትልልቆቹ የካርድ መስመሮች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ሴፕቴምበር 2024 ላይ ቪዛን በገበያ ጠቅላይነት ሲከስ፣ በአገሪቱ ከሚደረጉት የዴቢት ካርድ ክፍያዎች ከ60 በመቶ በላይ የሚያልፉት በቪዛ መስመር እንደሆነ ጠቅሷል። ቪዛም ማስተርካርድም «አይሆንም» ካሉት ሻጭ ሱቁን ቢዘጋው ይቀለዋል።

ባንኮች ይህን ንግድ ለምን ይፈሩታል?

ሁሌ ከሥነ ምግባር የመጣ አይደለም። ትልቁ ምክንያት ተራ የገንዘብ ስሌት ነው።

አንድ ባል በካርዱ ለአንድ የአዋቂ ድረ ገጽ ከፈለ። ወሩ ሲያልቅ ሚስት የባንኩን ዝርዝር ስታይ አንድ የማታውቀው ስም አገኘች። «ይሄ 30 ዶላር ምንድን ነው?» አለች። እሱም ደነገጠና «እኔ እንጃ፣ ካርዴን ሰርቀውት ይሆናል» አላት። አንዴ እንዲህ ካለ በኋላ ባንክ ደውሎ ገንዘቡን ከማስመለስ ሌላ መውጫ የለውም። ሻጩ ዕቃውን አስረክቧል፣ ገንዘቡ ግን ተወሰደበት፤ በዚያ ላይ የቅጣት ክፍያ ተጨመረበት። በዚህ ንግድ እንዲህ ዓይነት አቤቱታ ከሌላው ይበዛል ተብሎ ስለሚታመን ኔትወርኮቹ ዘርፉን «ከፍተኛ ሥጋት ያለበት» ብለው ለብቻው መድበውታል። የራሱ መለያ ቁጥር አለው፣ 5967።

ከዚህ መደብ ውስጥ የገባ ሻጭ ዋጋው ይወደድበታል። አሜሪካ ውስጥ ተራ የኢንተርኔት ሱቅ ለስትራይፕ የሚከፍለው ከሽያጩ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ገደማ ነው። የአዋቂ ይዘት ለሚሸጡ ከተለዩት አስተላላፊዎች መካከል ከ10 በመቶ በላይ የሚወስዱ አሉ። ሠሪው መቶ ዶላር ሲሸጥ ገና ከመነሻው አሥሩ ሄደ ማለት ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። ማስተርካርድ የሚያስተዳድረው «ማች» የሚባል መዝገብ አለ። አንድ ባንክ ሻጭን በደንብ ጥሰት ካሰናበተ ስሙን እዚያ ያሰፍራል። ሌሎች ባንኮች አዲስ ሻጭ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያዩት ይህን መዝገብ ነው። የሰፈረ ስም 5 ዓመት ይቆያል። መደብሮች ከባንካቸው አንድ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ለምን ወዲያው እጅ እንደሚሰጡ ከዚህ ይገባናል። የሚያጡት የአዋቂ ጌሞቹን ሽያጭ ብቻ ቢሆን ይከራከሩ ነበር። የሚያጡት ግን የመደብሩን ሽያጭ በሙሉ ነው።

ሦስተኛው ፍርሃት ፍርድ ቤት ነው። አንዲት አሜሪካዊት በ13 ዓመቷ የተቀረጸ ቪዲዮ ፖርንሀብ የተባለ የወሲብ ቪዲዮ ድረ ገጽ ላይ ተለቆባት ስለነበር የድረ ገጹን ባለቤት ኩባንያ ከሰሰች፤ ክሱ ውስጥ ቪዛንም ጨመረች። ቪዛ «እኔ ክፍያ አስተላላፊ ነኝ፣ ከክሱ ልውጣ» አለ። የካሊፎርኒያ ፌዴራል ዳኛ ጁላይ 2022 ላይ በዚያ ደረጃ አልተቀበሉትም፤ ምክንያታቸውም ባጭሩ «የሚሆነውን እያወቅህ መክፈያውን ሰጥተሃል ተብለሃል» የሚል ነው። በቀናት ውስጥ ቪዛ የዚያኑ ኩባንያ የማስታወቂያ ክንፍ ከመስመሩ አገደ። ከዚያ ወዲህ «እኛ መስመር ብቻ ነን» የሚለው መልስ የካርድ ኩባንያዎቹን ጠበቆች እንደ በፊቱ እንቅልፍ አያስተኛም።

ደንባቸው ምን ይላል?

በ2025ቱ ውዝግብ ስሙ ደጋግሞ የተነሳው የማስተርካርድ ደንብ ቁጥር 5.12.7 ነው። ሁለት ነገር ይከለክላል። አንዱ ሕገ ወጥ ግብይት ነው፤ በዚህ ጭቅጭቅ የለም። ሁለተኛው፣ ሕጋዊ ቢሆንም እንኳ፣ ማስተርካርድ በራሱ ውሳኔ ስሜን ይጎዳል ወይም ዓርማዬን ያጎድፋል ያለው ግብይት ነው።

ለሁለተኛው ምሳሌ ሲሰጥ በግልጽ አስነዋሪ የሆነና ቁም ነገር ያለው የጥበብ ዋጋ የሌለው ምርት ይላል፤ ምስልንም ይጨምራል። ያለ ፈቃድ የሚፈጸም ወሲብ፣ የሕፃናት ብዝበዛ፣ ከእንስሳት ጋር የሚደረግ ወሲብ ተጠቅሰዋል። ዝርዝሩ ግን ለምሳሌ ያህል እንጂ በእነዚህ ብቻ እንደማይወሰን ደንቡ ራሱ ይናገራል።

የአሜሪካን ሕግ የሚያውቅ ሰው እነዚህን ቃላት ሲያይ የ1973ቱ የሚለር ፍርድ ትዝ ይለዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድን ሥራ «ነውረኛ» ብሎ ከሕግ ጥበቃ ለማውጣት ሦስት መለኪያ አስቀምጦ ነበር፤ አስነዋሪነትና የቁም ነገር መጥፋት ከነሱ ውስጥ ናቸው። ግን እዚያ ዳኛ አለ፣ የሕዝብ ሸንጎ (ጁሪ) አለ፣ ጠበቃ አለ፣ ይግባኝ አለ። እዚህ አንድ የባንክ ሠራተኛ አለ፤ ፈቅዶ ከተሳሳተ ባንኩ ይቀጣል፣ ከልክሎ ከተሳሳተ ግን ማንም አይጠይቀው። የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። ለእኔ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ደንቡን የጻፈው ሰው ጭራሽ ያላሰበው ሥራ ሳይቀር የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ በ2025 የወሰነው ማን ነው?

ኮሌክቲቭ ሻውት በአውስትራሊያ ሴቶችንና ልጃገረዶችን እንደ ወሲብ ዕቃ የሚያሳዩ ንግዶችን የሚቃወም ቡድን ነው። በ2025 መጀመሪያ አካባቢ ስቲም ላይ አስገድዶ መድፈርንና የቤተሰብ ወሲብን የሚያጫውት አንድ ጌም ወጣ። ቁጣው በተለይ እንግሊዝ ውስጥ በረታ፤ ኤፕሪል ላይ ጌሙ ወረደ። ቡድኑ ግን ተመሳሳይ ጌሞች በመቶዎች አሉ አለ። እንደሚሉት ለስቲም ለወራት አቤት ብለው የሰማቸው የለም። ስለዚህ ጁላይ 11 ላይ ለፔይፓል፣ ለማስተርካርድ፣ ለቪዛና ለሌሎችም ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ ከእነዚህ ጌሞች ገንዘብ ማስተላለፍ አቁሙ አሉ። ደጋፊዎቻቸውም ስልክ መምታት ጀመሩ። መደብሩን ለወራት ለምነው ያላገኙትን ከካርድ መስመሩ በቀናት ውስጥ አገኙት።

ከዚያ «ማን አዘዘ?» የሚለው ጥያቄ መጣ። መልሶቹን በተርታ ማየት ያስፈልጋል።

ማስተርካርድ ኦገስት 1 ላይ መግለጫ አወጣ። የትኛውንም ጌም አልገመገምንም፣ በጌም መሸጫዎች ላይ ገደብ እንዲጣል አልጠየቅንም፣ ሕጋዊ ግዢ ሁሉ በመስመራችን ይፈቀዳል አለ።

የስቲም ባለቤት ቫልቭ ደግሞ ከማስተርካርድ ጋር በቀጥታ ለመነጋገር ጠይቀን ነበር፣ አልተሳካም አለ። እንደ ቫልቭ አባባል ማስተርካርድ የተነጋገረው ከክፍያ አስተላላፊዎቹና ከባንኮቻቸው ጋር ነው። እነሱ ናቸው ወደ ቫልቭ የመጡት። ቫልቭም ከ2018 ጀምሮ ደንባችን ሕጋዊ የሆነውን ጌም መሸጥ ነው ብሎ መለሰላቸው። አስተላላፊዎቹ አልተቀበሉም። የጠቀሱት 5.12.7ን እና በማስተርካርድ ስም ላይ ሊመጣ የሚችለውን አደጋ ነው።

ስትራይፕ ለኢች የሰጠው መልስም አለ፦ ግልጽ የወሲብ ይዘትን ማስተናገድ የማንችለው የባንክ አጋሮቻችን ገደብ ስላለባቸው ነው።

እንግዲህ ሰንሰለቱን ከታች ወደ ላይ እንከተለው። ጌም ሰሪው መደብሩን ሲጠይቅ፣ መደብሩ አስተላላፊውን ያሳያል። አስተላላፊው ባንኩን ያሳያል። ባንኩ የኔትወርኩን ደንብ ያሳያል። ኔትወርኩ «እኔ ያልኩት ነገር የለም» ይላል። ምናልባት ሁሉም እውነታቸውን ነው። ማስተርካርድ አንድም ጌም በስሙ ጠርቶ «አውርዱ» ማለት አያስፈልገውም። ሰፊ ደንብና ከባድ ቅጣት ካለ፣ ከሥር ያሉት ራሳቸው ይጨርሱታል። ሥራው የወረደበት ሰው ግን አቤት የሚልበት በር አጣ። እጄ የለበትም ከሚሉ አራት ድርጅቶች መካከል የቱን ይክሰስ?

ተጫዋቾቹም ዝም አላሉም። ከ200 ሺህ በላይ ሰው ፊርማ ያሰባሰበ አቤቱታ ወጣ። የቪዛንና የማስተርካርድን የደንበኞች ስልክ በተራቸው ያጨናንቁት ጀመር። ኢች ጁላይ 31 ላይ በነጻ የሚሰጡትን የአዋቂ ሥራዎች ወደ ፍለጋው መለሰ። ነጻ ከሆነ የካርድ ክፍያ የለም፣ የካርድ ክፍያ ከሌለ የባንክ ደንብ የለም። ሠሪው ሥራውን ማሳየት ይችላል፤ እንጀራ ሊበላበት ግን አይችልም።

ጫናው ጥሩ ነገር ያመጣበት ጊዜ የለም?

አለ። ይህን መዝለል ሐቀኝነት አይሆንም።

ዲሴምበር 2020 መጀመሪያ ላይ ኒኮላስ ክሪስቶፍ የተባለው ጋዜጠኛ በኒውዮርክ ታይምስ ላይ ፖርንሀብ ውስጥ የሕፃናትና ያልፈቀዱ ሰዎች ቪዲዮ እንደሚገኝ በዝርዝር ጻፈ። የተጎዱት ልጆች ቪዲዮው እንዲነሳ ሲለምኑ እንደኖሩ፣ ሲነሳም ሌላ ሰው መልሶ እንደሚጭነው አሳየ። ከስድስት ቀን በኋላ ቪዛና ማስተርካርድ ካርዳቸው እዚያ እንዳይሠራ አደረጉ። ከዚያ በቀናት ውስጥ ድረ ገጹ ማንነታቸው ካልተረጋገጠ ሰዎች የመጡትን ቪዲዮዎች አወረደ፤ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ናቸው። ለዓመታት እንባና አቤቱታ ያልፈነቀለውን ድንጋይ የገንዘቡ መዘጋት በሁለት ሳምንት ፈነቀለው።

ማስተርካርድ ቀጥሎ ለአዋቂ ይዘት ሻጮች ሁሉ ከኦክቶበር 2021 የሚጸና መመሪያ አወጣ። የተቀረጸው ሰው ዕድሜና ማንነት ይረጋገጥ፣ ፈቃዱ በሰነድ ይያዝ፣ ይዘቱ ከመለቀቁ በፊት ይታይ፣ አቤቱታ በሰባት የሥራ ቀን ይታይ የሚል ነው። እውነተኛ ሰው ለሚቀረጽበት ቪዲዮ እነዚህ ጥያቄዎች ተገቢ ይመስሉኛል። ያም ሆኖ ኤሲኤልዩ የተባለው የአሜሪካ የመብት ድርጅት መመሪያው ሕጋዊ ሠራተኞችን ከኑሯቸው አፈናቅሏል ብሎ በ2023 ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አቤት ብሏል።

ያው መሣሪያ ግን ሥዕል ላይ ሲመጣ ጥያቄው ይለወጣል። ሥዕል ላይ የተጎዳ ልጅ የለም፤ ፈቃዱ የሚጠየቅ ሰው የለም። የሚቀረው የይዘቱ አስቀያሚነት ነው፤ አስቀያሚነትን ደግሞ ሁለት ሰው በአንድ ሚዛን አይመዝነውም።

ሌላ አገርስ እንዲህ ሆኖ ያውቃል?

በ2021 ለንደን የሚገኘው ኦንሊፋንስ፣ ሰዎች የራሳቸውን ቪዲዮና ፎቶ ለተከታዮቻቸው በክፍያ የሚያሳዩበት ድረ ገጽ፣ በኦገስት 19 ግልጽ የወሲብ ይዘትን ከኦክቶበር ጀምሮ እከለክላለሁ አለ። ኩባንያው የቆመው በዚያው ይዘት ላይ ነው። የኩባንያው መሪ ቲም ስቶክሊ ምክንያቱ ባንኮች እንደሆኑ ለፋይናንሻል ታይምስ ተናገረ፤ የባንኮቹን ስም ሳይቀር ጠራ። ይዘት የሚሸጡበት ሰዎች ተነሱበት፣ ጩኸቱ በረታ፣ በስድስተኛው ቀን ውሳኔው ተሻረ። በዚያች ሳምንት የቤት ኪራያቸውን ከዚያ የሚከፍሉ ሰዎች እንዴት እንዳሳለፉ መገመት አያቅትም።

ጃፓን ውስጥ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። ዲኤልሳይት የተባለው የማንጋ (በሥዕል የሚተረክ የጃፓን መጽሐፍ) እና የጌም መሸጫ ማርች 2024 ላይ አንዳንድ የዘውግ ስሞችን በለዘበ ቃል ተካ። ከካርድ ኩባንያዎች የመጣ ጥያቄ ነው ተባለ። ሥራዎቹ ያው ናቸው፤ የተቀየረው መደርደሪያው ላይ የተለጠፈው ስም ነው። አልበቃም። ኤፕሪል ላይ ቪዛና ማስተርካርድ እዚያ መሥራት አቆሙ። መደብሩ ባይዘጋ ጃፓን ጄሲቢ የተባለ የራሷ የካርድ ኔትወርክ ስላላት ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ መታተም ያቆሙ ማንጋዎችን ሰብስቦ ያስነብብ የነበረ አንድ የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት ክፍያ አስተላላፊው ውል ስላቋረጠበት ተዘጋ። መሥራቹ ኬን አካማትሱ የታወቀ የማንጋ ሠዓሊ ናቸው፤ የጃፓን ላዕላይ ምክር ቤት አባልም ናቸው። በአገራቸው ሕግ የሚያወጡት ሰው ራሳቸው የውጭ ኩባንያ ደንብን ማስቆም አልቻሉም።

የወሲብ ይዘት ለማይገዛ ሰው ይህ ምኑ ነው?

ምስጢራዊ ሰነዶችን የሚያወጣው ዊኪሊክስ የአሜሪካን የዲፕሎማሲ መልእክቶች ማውጣት እንደጀመረ፣ በዲሴምበር 2010፣ ቪዛ፣ ማስተርካርድና ፔይፓል ወደ እሱ የሚሄደውን መዋጮ በተከታታይ አቆሙ። ዊኪሊክስ በዚያ ጉዳይ የተፈረደበት ነገር አልነበረም። መዋጮ ይሰበስብለት የነበረ ኩባንያ አይስላንድ ውስጥ የቪዛን አጋር ቫሊቶርን በውል ማፍረስ ከሰሰው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 መስመሩ ይከፈት ብሎ ፈረደ። ከሁለት ዓመት በላይ አለፈ ማለት ነው፤ ያውም በአንዲት ትንሽ አገር።

ሌላው የቺካጎ ጉዳይ ነው። በ2015 የኩክ ካውንቲ ሸሪፍ ቶማስ ዳርት የወሲብ አገልግሎት ማስታወቂያ የሚወጣበት ባክፔጅ የተባለ ድረ ገጽን ለመዝጋት ፈለጉ። በሕግ መንገድ ከባድ ነበር። ስለዚህ ለቪዛና ለማስተርካርድ ደብዳቤ ጻፉ። ሁለቱም በቀናት ውስጥ አቋረጡ። ባክፔጅ ከሰሰ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ሪቻርድ ፖዝነር መንግሥት በሕግ ማድረግ የማይችለውን በካርድ ኩባንያ በኩል በማስፈራራት ማድረግ አይችልም ብለው ፈረዱ። ድረ ገጹ በ2018 በወንጀል ምርመራ በፌዴራል መንግሥት ተዘግቷል። ያኔ ክስ ነበር፣ ማስረጃ ነበር፣ ተከሳሹም ጠበቃ ነበረው።

ልብ በሉ፣ የፖዝነር ፍርድ የሚያስረው ባለሥልጣንን ነው። ጥያቄው ከግል ቡድን ከመጣ፣ ወይም ባንኩ ራሱ ከፈራ፣ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የንግግር ነፃነት አንቀጽ አይደርስበትም። የግል ኩባንያ ከፈለገው ጋር የመዋዋል መብት አለው። አራት መቶ ባንክ ባለበት ገበያ ይህ ትክክል ነው። ሁለት መስመር ባለበት ገበያ ምን ያህል ትክክል እንደሆነ ነው ክርክሩ።

በሌላ መንገድ መክፈል አይቻልም?

ይቻላል፣ ግን ገዢ ይሸሻል። ክሪፕቶ አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ዋጋው ይዋዥቃል። የባንክ ለባንክ ዝውውር አለ፤ ለ5 ዶላር ጌም ማን ይደክማል? ብራዚል ፒክስ የተባለ መስመር አላት፤ ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ የሚያንቀሳቅሰው ማዕከላዊ ባንኩ ነው። ከካርድ ኩባንያ ደንብ ውጪ ነው። ነገር ግን መስመሩ የመንግሥት ሲሆን ደንቡም የመንግሥት ይሆናል፤ ይህን ለእኛ አንባቢ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

አሁን ምን እየተደረገ ነው?

ኦገስት 7 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ስለ ባንክ አገልግሎት መከልከል አንድ ትእዛዝ ፈረሙ። የባንክ ተቆጣጣሪዎች «የስም መጉደፍ ሥጋት» የሚለውን መለኪያ ከመመሪያዎቻቸው እንዲያወጡ ያዛል። ጌም ሰሪዎች ሲሰሙ ተስፋ አደረጉ፤ 5.12.7 የቆመው በስም መጉደፍ ላይ ነውና። ትእዛዙ ግን የሚጠብቀው በፖለቲካ ወይም በሃይማኖት አመለካከታቸው፣ አለዚያም ባንኩ በፖለቲካ ምክንያት በማይወደው ሕጋዊ ሥራቸው የተከለከሉትን ነው። «ይህ ንግድ ሥጋት አለበት» የሚል ባንክ ፖለቲካ አላልኩም ማለት ይችላል። በዚያ ላይ ትእዛዙ የሚናገረው ለመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ነው። የማስተርካርድ ደንብ ደግሞ የማስተርካርድ ነው።

ሴናተር ኬቪን ክሬመር ያቀረቡት ረቂቅ ሕግ ከዚህ ይገፋል። ትልልቅ ባንኮችና የካርድ ኔትወርኮች ሕጋዊ ንግድን በጅምላ እንዳይከለክሉ፣ እምቢ ካሉም በተጨባጭና አስቀድሞ በተቀመጠ የሥጋት መለኪያ እንዲሆን ይጠይቃል። ረቂቁ ሲታሰብ በዋነኛነት የነበረው ስለ ጠመንጃ ሻጮችና ስለ ነዳጅ ኩባንያዎች ነው። በ2025 ክረምት ግን ጌም የሚጫወቱ ወጣቶች ለየምክር ቤት አባላቸው እየደወሉ «ይህን ረቂቅ ደግፉ» ሲሉ ከረሙ።

የሠሪዎቹ ጥያቄ ከዚህም ያነሰ ነው። ሥራዬ ሲወርድ የትኛውን ደንብ በየትኛው ገጽ ወይም ትዕይንት እንደጣሰ በጽሑፍ ይነገረኝ፤ ስህተት ከሆነ የሚያይልኝ ሰው ይኑር። አሁን የሚደርሳቸው ኢሜይል «ከክፍያ አጋሮቻችን ደንብ ጋር አይስማማም» ይላል፤ የአጋሩ ስም አይጠቀስም።